በአንድ ጣሪያ ሥር፤ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክና የትምህርት መርሐ ግብሮቹ

መግቢያ

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሠልጣኞች ስለተማሩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተው እንዲያቀርቡ በሚጠየቁበት ጊዜ፣ አብዛኞቹ የሚያመጡት ተመሳሳይ ዝርዝር ነው። ትምህርት ቤቱ የተመሠረተበት ዘመን፣ መርቆ የከፈተው ባለሥልጣን፣ በየጊዜው የተፈራረቁት ርእሳነ መምህራን፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ብዛት፣ በመጨረሻም ከዚያ ወጥተው ለወግ ለማዕርግ የበቁ ሰዎች ስም ይደረደራል። በዚያ ቅጥር ግቢ ውስጥ ማን ምን እንደ ተማረ፣ ማንስ ከየትኛው ትምህርት እንደ ራቀ የሚገልጽ አንቀጽ ግን እምብዛም አይገኝም። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የቤቱን ግድግዳ ያሳያል እንጂ በቤቱ ውስጥ የተቆረሰውን እንጀራ አያሳይም።

ይህን ጉድለት በምሳሌ ለማስረዳት በዩናይትድ ስቴትስ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በዋሽንግተን ዳርቻ የሚገኘውን የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጠናል። ምርጫው ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ የትምህርት ቤቱ ታሪክ በፍርድ ቤት ውሳኔዎችና በትምህርት ቦርድ ድምፅ የተመዘገበ በመሆኑ የለውጡን እርምጃ አንድ በአንድ ለመከተል ያስችላል። ሁለተኛ፣ በአሁኑ ጊዜ በዚህ ትምህርት ቤት በቤታቸው አማርኛ የሚናገሩ ልጆች በርከት ብለው ይማራሉ፤ ስለዚህ ታሪኩ ከእኛ ፈጽሞ የራቀ አይደለም።

ጽሑፉ ሊያስረዳ የሚፈልገው አንድ ዐቢይ ነጥብ አለ፤ ይኸውም ተማሪዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብና በአንድ ትምህርት ማገናኘት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። የመጀመሪያው በአንድ ውሳኔ ሊፈጸም ይችላል። ሁለተኛው ግን በየዓመቱ በሚወጣው የክፍል ድልድል ውስጥ የሚሠራ ወይም የሚፈርስ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ትምህርት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት

አሌክሳንድሪያ በፖቶማክ ወንዝ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዋሽንግተን በስተ ደቡብ የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ ብዙ ነዋሪዎቿ ለሥራ ወደ ዋናው ከተማ የሚመላለሱባት የዳርቻ ከተማ ትሁን እንጂ የራሷ ረጅም ታሪክ አላት። በ19ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ አጋማሽ የባሪያ ንግድ ከደራባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች። እስከ 1846 ድረስ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ክፍል ሆና ቆይታ፣ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ ወደ ቨርጂኒያ እንድትመለስ ተወሰነ። በቨርጂኒያ ሕግ ጥቁሮችን ማንበብና መጻፍ ለማስተማር መሰብሰብ የተከለከለ ስለነበረ፣ ቀድሞ በከተማዪቱ የነበሩት የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የአስተዳደር ወሰን መዛወር ለአንድ ወገን ልጆች የመማሪያ ደጃፍ መዘጋት ሆነ ማለት ነው።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1870 የቨርጂኒያ የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት ሲቋቋም ጥቁሮችም ትምህርት ቤት አገኙ፤ ነገር ግን ተለይተው ነበር። በ1902 የጸደቀው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በግልጽ ደነገገ። በአሌክሳንድሪያ የጥቁር ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤትና የጥቁር ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ለየብቻ ከቆዩ በኋላ በ1920 ተዋሕደው ፓርከር ግሬይ የተባለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙ የተወሰደው የሁለቱ የቀድሞ ትምህርት ቤቶች ርእሳነ መምህራን ከነበሩት ከጆን ፓርከርና ከሣራ ግሬይ ነው።

ፓርከር ግሬይ በመጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልነበረውም። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚፈልግ ጥቁር ልጅ ወንዙን ተሻግሮ ለጥቁሮች ወደ ተከፈቱት የዋሽንግተን ትምህርት ቤቶች መመላለስ ነበረበት። ይህን መንገድ ከተመላለሱት አንዱ በ1913 በአሌክሳንድሪያ የተወለዱት ሳሙኤል ተከር ናቸው። ተከር የሕግ ትምህርት ቤት ሳይገቡ በግላቸው አጥንተው የጥብቅና ፈቃድ ያገኙ ሰው ነበሩ። በ1939 አምስት ወጣቶች ወደ ከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ገብተው የአባልነት ካርድ ሲጠይቁና ሲከለከሉ፣ መጽሐፍ አንሥተው በጸጥታ ተቀምጠው ሲያነቡ በፖሊስ ተይዘው የወጡት በተከር ዕቅድ ነበር። ከተማው የሰጠው መልስ የቤተ መጻሕፍቱን በር መክፈት ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ለጥቁሮች የተለየ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት መሥራት ሆነ።

በ1930ዎቹ በፓርከር ግሬይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተጀመረ፤ በ1950 ደግሞ ለዚሁ ደረጃ አዲስ ሕንፃ ተሠራለት። ነጮች በበኩላቸው በ1935 የተከፈተው የጆርጅ ዋሽንግተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበራቸው፤ በ1956 ፍራንሲስ ሐመንድ የተባለ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ተጨመረላቸው። ልብ ሊባል የሚገባው የፍራንሲስ ሐመንድ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ጊዜ ነው። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚጋጭ በ1954 ከወሰነ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

2. ክልከላው ቋንቋውን ሲለውጥ

ቨርጂኒያ የ1954ቱን ውሳኔ በጽኑ ተቃወመች። ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን የሚያቀላቅል ማንኛውም ትምህርት ቤት እንዲዘጋ የሚያዝ ሕግ ወጣ፤ በዚሁም መሠረት በ1958 በኖርፎክ፣ በሻርሎትስቪልና በዋረን አውራጃ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ይህ ሕግ በጥር ወር 1959 በፍርድ ቤት ተሻረ።

በዚያ ዘመን የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኀላፊ ቶማስ ቻምብሊስ ዊልያምስ ነበሩ። ዊልያምስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ እስከ 1963 ድረስ በዚሁ ሥልጣን ላይ የቆዩና የዘር መለያየትን የሚደግፉ ሰው ነበሩ። የጥቁር ተማሪዎች ወላጆች በ1958 ክስ ሲመሠርቱ፣ የትምህርት ቦርዱ ዝውውር የሚጠይቅ ተማሪ የሚመዘንባቸው ስድስት መስፈርቶች አወጣ። ከእነዚህም ውስጥ የመኖሪያ ቦታ፣ የትምህርት ውጤትና የአእምሮ ችሎታ፣ እንዲሁም የተማሪው መግባት በተቀባዩ ትምህርት ቤት የትምህርት ደረጃ ላይ የሚያስከትለው ውጤት ይገኙባቸዋል።

በትምህርት ሙያ ላይ ለተሰማራ ሰው ይህ ዝርዝር ብዙ የሚያስተምረው ነገር አለ። በመስፈርቶቹ ውስጥ ዘር የሚል ቃል የግድ አያስፈልግም ነበር። ቀድሞ በሕገ መንግሥት አንቀጽ የተጻፈው ክልከላ አሁን በእኛው የሙያ ቋንቋ፣ ማለትም በፈተና፣ በችሎታና በደረጃ ቋንቋ ተተረጎመ። ለዘመናት ደካማ ትምህርት የተሰጠውን ልጅ በዚያው ድክመት መዝኖ መመለስ ተቻለ።

በዚያው ዓመት በአንድ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ምግብ የምታበስል እናት ልጆቿን ከሳሾች አድርጋ በማስመዝገቧ ከሥራዋ ተሰናበተች። እንዲህም ሆኖ ክሱ አልቆመም። ፌዴራላዊው ዳኛ አልበርት ብራያን በሰጡት ትእዛዝ የካቲት 10 ቀን 1959 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች ቀድሞ ለነጮች ብቻ ወደ ነበሩ ሦስት የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች ገቡ።

ዊልያምስ በ1963 ሥራቸውን ለቀቁ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1965 ከተማው ሦስተኛውን ትልቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲከፍት በእኒሁ ሰው ስም ቲ. ሲ. ዊልያምስ ብሎ ሰየመው። አዲሱ ትምህርት ቤት ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ነጭና ጥቁር ተማሪዎችን ተቀበለ። በዚያው ዓመት ፓርከር ግሬይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትነቱ ቀረና ተማሪዎቹ ወደ ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ስለዚህ 1965 ለጥቁሩ ማኅበረ ሰብ የደስታም የሐዘንም ዓመት ነበረ። የተዘጋው በር ተከፈተ፤ ነገር ግን ወላጆችና መምህራን በብዙ ድካም ያቆሙት፣ ልጆቻቸውን በስማቸው የሚያውቅ ተቋም ጠፋ። ልጆቹ የገቡበት አንደኛው ትምህርት ቤትም መግባታቸውን ሲቃወሙ የኖሩትን ሰው ስም የተሸከመ ነበር።

3. የ1971 ውሳኔ

በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቨርጂኒያዋ የኒው ኬንት አውራጃ ክስ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ቦርዶች በሩን ክፍት ትቶ ተማሪው በምርጫው ይግባ ማለት እንደማይበቃቸውና መለያየቱን ከሥሩ የማስወገድ ግዴታ እንዳለባቸው አስታወቀ። በዚህ ክስ ከሳሾቹን ወክለው የተከራከሩት ከላይ የተጠቀሱት ሳሙኤል ተከር ናቸው። በልጅነታቸው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወንዝ ይሻገሩ የነበሩት ሰው የመላ አገሪቱን ትምህርት ቤቶች አሠራር የለወጠ ፍርድ አስገኙ።

በአሌክሳንድሪያ ግን ሦስቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት በመኖሪያ ሰፈር ስለነበረ የየትምህርት ቤቱ ስብጥር የየሰፈሩን መልክ ይዞ ቀረ። በ1970 የአንድ ጥቁር ወጣት መገደል በከተማው ሁከት አስነሣ። በ1971 የትምህርት ቦርዱ አንድ ሥር ነቀል ውሳኔ ወሰደ። የከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ በቲ. ሲ. ዊልያምስ እንዲማሩ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት ቤቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ዘዴው ቀላልና ብልኅነት ያለበት ነበር። ተማሪው የሚመደበው በሰፈሩ መሆኑ ቀርቶ በክፍል ደረጃው ስለሆነ፣ ከከተማው የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚመረቅ ልጅ ሁሉ የሀብታምም ሆነ የድኻ፣ የነጭም ሆነ የጥቁር፣ በአንድ በር የሚወጣ ሆነ።

ይህ ዓመት በዓለም የታወቀው በትምህርቱ ሳይሆን በኳሱ ነው። ከሦስቱ ትምህርት ቤቶች የተውጣጣው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በጥቁሩ አሠልጣኝ በኸርማን ቡንና በነጩ ረዳታቸው በቢል ዮስት መሪነት 13 ጨዋታዎችን ሁሉ አሸንፎ የግዛቲቱን ሻምፒዮናነት ወሰደ። ሪሜምበር ዘ ታይታንስ የተባለው የ2000 ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። ፊልሙ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ የተገናኙት በ1971 እንደሆነ አስመስሎ ያቀርባል፤ እውነቱ ግን ቲ. ሲ. ዊልያምስ ሲከፈት ጀምሮ ሁለቱንም ይቀበል እንደ ነበረ ነው። የ1971 አዲስነት የሦስት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በአንድ መጠቅለላቸው ነው።

በኳስ ሜዳ የሚገኘው አንድነት ክቡር ቢሆንም ከትምህርት አንድነት ይቀላል። በሜዳ ላይ ሁሉም ለአንድ ግብ ይሰለፋል፤ ደንቡም አንድ ነው። ደወል ሲደወል ግን ተማሪዎቹ ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይበተናሉ። ከ1971 በኋላ ያለውን የትምህርት ቤቱን ታሪክ ለመረዳት እነዚያን ክፍሎች መከተል ያስፈልጋል።

4. መርሐ ግብሮቹና ድልድሉ

የአሜሪካ ሁለገብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተመሠረተበት ሐሳብ የአካባቢው ልጆች ሁሉ በአንድ ግቢ ተሰብስበው፣ የጋራ የሆነውን ትምህርት በጋራ፣ ቀሪውን እንደየዝንባሌያቸው እንዲማሩ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄምስ ኮናንት በ1959 ባቀረቡት ታዋቂ ዘገባ ይህን ዐይነቱን ትምህርት ቤት ደግፈው፣ ከ250 እስከ 300 ለሚሆኑ ተማሪዎች አንድ የሙሉ ጊዜ አማካሪ እንዲመደብ፣ ተማሪዎችም በእያንዳንዱ የትምህርት ዐይነት እንደ ችሎታቸው እንዲደለደሉ መክረዋል። ኮናንት ያሰቡት አንድ ልጅ በሒሳብ ከጠንካሮቹ ጋር፣ በቋንቋ ከመካከለኞቹ ጋር ሊማር ይችላል በሚል ነበር። በተግባር ሲታይ ግን በአንዱ ትምህርት ከታች የተመደበ ልጅ በሌሎቹም ከታች መገኘቱ በብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሆነ።

ቲ. ሲ. ዊልያምስ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። በአንድ ወገን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጁ ኮርሶች፣ በተለይም አድቫንስድ ፕሌስመንት የሚባሉትና በማጠቃለያ ፈተናቸው የኮሌጅ ክሬዲት የሚያስገኙ ትምህርቶች ተስፋፉ። በሌላ ወገን እንደ መኪና ጥገና፣ ምግብ ዝግጅትና ጤና ነክ ሙያዎች ያሉ የተግባር ትምህርቶች፣ የወጣት መኰንኖች ሥልጠና፣ እንዲሁም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተሰጡ። በ1986 የተቋቋመው የአሌክሳንድሪያ የነጻ ትምህርት ዕድል ፈንድ ደግሞ ለኮሌጅ ክፍያ ዐቅም የሌላቸውን ምሩቃን መርዳት ጀመረ። በዚህ ትምህርት ቤት የምርጫ እጥረት አልነበረም።

ችግሩ ምርጫው በማን እጅ እንደሚወድቅ ነበር። በትምህርት ቤቱ ለብዙ ዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማሩት ፓትሪክ ዌልሽ በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍና በጋዜጣ ባወጧቸው ጽሑፎች ትምህርት ቤቱን ከውስጥ ሆነው ለሕዝብ ገልጸዋል። ከሚያነሧቸው ጉዳዮች አንዱ የነጭና የጥቁር ተማሪዎች የውጤት ልዩነትና በከፍተኛ ደረጃ ኮርሶች ያለው አለመመጣጠን ነው። በኮሪደር ተቀላቅለው የሚሄዱት ልጆች በክፍል ተለያይተው ይቀመጡ ነበር። ይህ ድልድል የማንም ሰው ክፉ ሐሳብ ሳይታከልበት ይሠራል። የኮርሱን ጥቅም የሚያውቅ ወላጅ ልጁን ያስመዘግባል፤ የማያውቀው ዝም ይላል። አማካሪው ያለፈውን ዓመት ውጤት አይቶ ይመድባል፤ መምህሩም ባገኛቸው ልጆች ልክ ያስተምራል። እያንዳንዱ እርምጃ ተገቢ ይመስላል፤ የድምሩ ውጤት ግን የ1958ቱን የመስፈርት ዝርዝር ያስታውሳል።

በ2007 በሥፍራው አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ ሥራ ጀመረ። ሕንፃው የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛዎችን አሟልቶ የተሠራ ከመሆኑም በላይ የከዋክብት ማሳያ አዳራሽ ጭምር አለው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ግን በ2010 ትምህርት ቤቱ በመንግሥት ፈተና ውጤት ምክንያት በግዛቲቱ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ውጤት ካስመዘገቡት አንዱ ተብሎ ተፈረጀ። በየዓመቱ ተማሪዎቹን ወደ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የሚልክ ትምህርት ቤት እንዲህ መባሉ ብዙዎችን አስደነገጠ። ሆኖም ሁለቱም እውነት ነበሩ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩና አንዱ ስለ ሌላው አይናገርም ነበር። ከዚያ በኋላ በፌዴራል መንግሥት ርዳታ የማሻሻያ ዕቅድ ተነድፎ የትምህርት ቤቱ አሠራር እንዲለወጥ ተደረገ።

5. ከሩቅ አገር የመጡ ተማሪዎች

ይህ በእንዲህ እንዳለ የከተማው ሕዝብ መልክ ተለወጠ። ከመካከለኛው አሜሪካ፣ ከአፍሪካ፣ ከመካከለኛው ምሥራቅና ከእስያ የመጡ ቤተ ሰቦች በዋሽንግተን ዙሪያ ሰፈሩ። ኢትዮጵያውያንም ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በስደት፣ በኋላም በዕጣ በሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድና በቤተ ሰብ ጥሪ እየሄዱ በአሜሪካ ትልቁን የኢትዮጵያውያን መኖሪያ በዚያው አካባቢ መሠረቱ። በአሌክሳንድሪያ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አማርኛ ከእንግሊዝኛና ከስፓኒሽ ቀጥሎ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች መካከል ስለሚገኝ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወላጆች የሚያስተላልፋቸው መልእክቶች ወደ አማርኛ ይተረጎማሉ።

በ16 ወይም በ17 ዓመቱ የሚመጣ ልጅ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ለመመረቅ የሚያስፈልጉትን ክሬዲቶች ለማሟላት ያለው ጊዜ አጭር ነው። የተለመደው አሠራር በቅድሚያ እንግሊዝኛውን ለብቻው አስተምሮ ሌላውን ትምህርት ማቆየት ነበር። በዚህ ዘዴ ልጁ ቋንቋውን ሲጨርስ የትምህርት ዘመኑም ያልቃል። በአገሩ ፊዚክስና አልጀብራ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ባለመቻሉ ብቻ ምንም እንደማያውቅ ሊቈጠር ይችላል።

ይህን ለማረም በ2012 በትምህርት ቤቱ ውስጥ ኢንተርናሽናል አካዳሚ የተባለ ክፍል ተከፈተ። አካዳሚው የሚከተለው ዘዴ መነሻው በ1985 በኒው ዮርክ በላጓርዲያ ኮሌጅ ግቢ ለአዲስ መጤ ተማሪዎች የተቋቋመው ትምህርት ቤት ነው። የዘዴው መሠረት ቋንቋና ዕውቀት አብረው ይማራሉ የሚል ነው። የሳይንስ መምህሩም የቋንቋ መምህር ነው። ልዩ ልዩ ችሎታና ቋንቋ ያላቸው ተማሪዎች በአነስተኛ ቡድን ተቀምጠው አንድ ሥራ ይሠራሉ። ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ለመግለጥ የተቸገረ ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከጓደኛው ጋር ተወያይቶ ወደ እንግሊዝኛ እንዲያመጣው ይፈቀድለታል። የተወሰኑ መምህራን አንድ ዐይነት ተማሪዎችን በጋራ ስለሚይዙ አንዱ ተማሪ ሲቀር ወይም ሲዳከም ቶሎ ይታወቃል።

ይሁን እንጂ እዚህም ላይ ጥያቄው ይመለሳል። አዲስ መጤዎችን ለብቻ መያዝ እንክብካቤ ነው ወይስ መለያየት? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ወደ ሌሎች መርሐ ግብሮች የሚያሻግር ድልድይ ከሆነ እንክብካቤ ነው፤ መውጫ የሌለው ግቢ ከሆነ ደግሞ ስሙ ቢያምርም የድሮው አጥር ነው። በ2018 ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እንደ ተጀመረው የጤና ሳይንስ አካዳሚና እንደ ኮሌጅ ነክ ኮርሶቹ ያሉ መርሐ ግብሮች የሚመዘኑትም በዚሁ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከሳን ሳልቫዶር በቅርቡ የመጣ ልጅ በስንተኛው ዓመት ወደ እነርሱ መግባት ይችላል?

6. አንድ ወይስ ሁለት? የስሙስ ነገር?

በዚህ መካከል ትምህርት ቤቱ ከ4,000 በላይ ተማሪዎች ያሉት፣ በቨርጂኒያ በተማሪ ብዛት ትልቁ ሆነ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሚኒ ሃዋርድ በተባለ በአቅራቢያው ባለ ግቢ ይማሩ ነበር። ቦታ ሲጠብ ሁለተኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። ደጋፊዎቹ በትንሽ ትምህርት ቤት ተማሪው በይበልጥ እንደሚታወቅ አስረዱ። ተቃዋሚዎቹ ከተማውን በሁለት መክፈል ከ1971 በፊት ወደ ነበረው የሰፈር ድልድል እንደሚመልስ አሳሰቡ። ሁለቱም ወገኖች በቂ ምክንያት ነበራቸው። ቦርዱ በ2019 በበርካታ ግቢዎች የሚሠራ አንድ ትምህርት ቤት ይሁን ሲል ወሰነ፤ እንደገና የተሠራው የሚኒ ሃዋርድ ግቢም በ2024 ተከፈተ።

የስሙ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ተያይዞ መልስ አገኘ። በ2020 የበጋ ወራት የቀረበውን ጥያቄ ተከትሎ ቦርዱ በኅዳር ወር የዊልያምስ ስም እንዲነሣ ወሰነ። በሚያዝያ 2021 የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚለው ስም ተመርጦ ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጸና። ታይታንስ የሚለው የቡድኑ መጠሪያ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ስሙን ለማንሣት 56 ዓመት ፈጅቷል። ስም ማንሣት በአንድ ስብሰባ ያልቃል፤ የክፍል ድልድልን ማቃናት ግን ስብሰባው ካለቀ በኋላ በማግስቱ የሚጀመር ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚጠቅም ነገር መውሰድ ይቻላል። በኢትዮጵያም ሁለገብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካ የትምህርት አማካሪዎች ተሳትፎ የቀለም ትምህርትን ከእንጨትና ከብረታ ብረት ሥራ፣ ከንግድና ከቤት አያያዝ ትምህርት ጋር በአንድ ግቢ ያዋሐዱ ትምህርት ቤቶች ተቋቁመው ነበር። የትኞቹ ልጆች ወደ ወርክሾፑ፣ የትኞቹስ ወደ ላቦራቶሪው እንደ ተላኩ ተጽፎ የምናገኘው ግን ጥቂት ነው። ዛሬም ተማሪዎች በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ሲለዩ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየ ልጆች ሲመደቡ ያው ጥያቄ አለ።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሠልጣኞች የሚሰጠው የትምህርት ቤት ታሪክ ጥናት በሦስት ጥያቄዎች እንዲሰፋ ያሳስባል። በየዘመኑ የነበሩት መርሐ ግብሮች ምን ምን ናቸው? ወደ እያንዳንዱ ለመግባት የሚያስፈልገው መስፈርት ምን ነበር፤ ማንስ አወጣው? ከታችኛው ድልድል ወደ ላይኛው የተሻገሩት ስንት ናቸው? ለሦስቱም መልስ የሚሆን መረጃ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት፣ በውጤት መዝገቦችና በክፍል ስም ዝርዝሮች ውስጥ ተቀምጧል። ብዙዎቹ መዝገቦች በአቧራና በምስጥ እየተበሉ ስለሆነ ሥራው ጊዜ አይሰጥም። የመሠረት ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ግን እዚያው ይቆየናል።